እቴጌ ጣይቱና የተከበበ መሬት ስሌት

ጎ የሚባለውን የሩቅ ምሥራቅ ጨዋታ መማር የጀመሩ ጓደኞቻችን ሁሉ አንድ ችግር ያጋጥማቸዋል፤ ጨዋታው ሳያልቅ ማን ምን ያህል መሬት እንደያዘ መገመት ይቸግራቸዋል። 19 በ19 መስመር በተሠመረበት ሰሌዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ጠጠር በየተራ ይቀመጣል፤ የበለጠ ባዶ ቦታ ከቦ የያዘ ያሸንፋል። ጀማሪ ግን ጠጠሩ የደረሰበትን ሁሉ የእኔ ነው እያለ ይቆጥራል። እኛም ደንቡን በደረቁ ከምናስተምር፣ መሬት መገመት የሚያውቁ የአንዲት ታላቅ ሴት ታሪክ ብናነሣ ይሻላል ብለን አሰብን።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። በአገራችን ሰንጠረዥ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። በወረራው ጊዜ ቦታ ቀድሞ ያላየ ሰው በኋላ ይቸገራል።

በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሰሜን ቀና ሲሉ ከጉለሌ በላይ የሚታየው የእንጦጦ ተራራ ያን ጊዜ የንጉሡ መቀመጫ ሆነ። ተራራው ለመከላከል ይመቻል፤ ነገር ግን ብርዱ ይጠናል፣ ማገዶውም እየራቀ ይሄድ ነበር። ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከታች በፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። በሰፊ ሜዳ ላይ የተቀመጠ አንድ ጠጠር ገና መሬት አይደለም፤ ተስፋ ነው። መሬት የሚሆነው ሌሎች ሲከተሉት ነው። መኳንንቱም ወርደው በዙሪያው ሰፈሩና ከተማ ሆነ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ በፈቃድ የሚደረገውን፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ኢጣልያም ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ይህ የጀማሪ አቆጣጠር ነው፤ ዳር ላይ ጥቂት ጠጠር ጥሎ መካከሉን ሁሉ የራስ ማድረግ። ባላጋራ ሊኖርበት የሚችል ቦታ ግን ከሒሳብ አይገባም። ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት እቴጌ ይህን አንቀጽ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ውሉም በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ።

በጨዋታው ለእያንዳንዱ ጠጠር መተንፈሻ ያስፈልገዋል፤ በአጠገቡ ያለው ባዶ ነጥብ ሁሉ ሲዘጋበት ከሰሌዳው ይነሣል። በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ የነበረው የኢጣልያ ምሽግ ግንቡ የጸና ነበር፤ የውሃው ምንጭ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፣ የራሳቸውንም ወታደሮች ላኩ። ግንቡ ሳይፈርስ፣ የተጠማው ጦር በጥር ወር ምሽጉን ለቅቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ድል ሆነ። መረብ ማዶ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረ፤ እውነተኛ ገማች የጎደለውንም አብሮ ይቆጥራል።

ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ሥልጣኑ ወደ እቴጌይቱ እጅ ገባ፤ ዘመዶቻቸውንም በሹመትና በጋብቻ በየአቅጣጫው አቆሙ። ላይ ላዩን ሲታይ ሰፊ ይዞታ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ የሚተነፍሰው በአንድ ቀዳዳ፣ በታመሙት ንጉሠ ነገሥት ሕይወት ነበር። በጨዋታውም ተከብቦ ያለቀለት ጭፍራ ዓይን የሚባሉ ሁለት የተለያዩ መተንፈሻዎች ከሌሉት እንደ ሞተ ይቆጠራል። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አወረዷቸው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ እቴጌይቱ ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ኖረው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

እንግዲህ ጓደኞቻችን፣ ሰሌዳ ፊት ስትቀመጡ በመጀመሪያ በሚገባ የተዘጋውን ብቻ ቁጠሩ። ቀጥሎ የባላጋራችሁን በዚያው መስፈሪያ ስፈሩ። ክፍት የሆነውን ለብቻ አቆዩት። ከሁሉ በላይ ግን የራሳችሁ ጭፍራ በስንት ዓይን እንደሚተነፍስ እዩ፤ የመቀሌን ምንጭ ያዩት እቴጌ እንኳ የተሸነፉት በዚህ ነውና።