አባባ ተስፋዬ፦ ያለ ወላጅ ቀርተው የአገር ልጅ ሁሉ አባት የሆኑት

ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ ነው። በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ያለ ወላጅ ቀሩ። አዲስ አበባ መጥተው ሆቴል ውስጥ ሠሩ፤ ከዚያ ቴአትር ገቡ። ያኔ ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮቻችንንም እዚያው ሄደው አዝናንተዋል።

በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ የልጆችን ፕሮግራም ያዙ። ተረት፣ ዘፈን፣ ምትሃት፣ ቀልድ፣ ምን የቀረ አለ? ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፤ እሳቸው ግን እዚያው ነበሩ። ከ40 ዓመት በላይ!

መጨረሻው ግን አላማረም። በ1998 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ላይ በተነገረ አንድ ተረት ሰበብ ከጣቢያው ተሰናበቱ። ዕድሜያቸው ያኔ ከ80 አልፏል። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲቀበሩ አገር አለቀሰ። ምስጋናው ግን በቁማቸው ቢደርሳቸው ይሻል ነበር።

ዛሬ ጃጁራም ሆሳዕናም በስልኩ ልጆችን የሚያስቅ ወጣት አለ። መንገዱን የጠረጉት እሳቸው ናቸው። እስቲ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁን ስለ አባባ ተስፋዬ ጠይቋት፤ ፊቷ ሲበራ ታያላችሁ።