ምርጫ ባልነበረበት ዘመን ሕዝብ የመረጠው ተቃዋሚ

እስቲ አንድ ጥያቄ እናስቀድም። ከምታውቋቸው ተቃዋሚ ፓርቲዎች አንዱን ያዙና ምን ሊሠራ እንደመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ከበዳችሁ አይደል? የሊቀመንበሩን ስም እናውቃለን፣ ማንን እንደሚቃወምም እናውቃለን። ቢያሸንፍ እኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚቀየር ግን የነገረን የለም። ወይም ነግሮን አልገባንም።

ዛሬ ታሪኩን የምንነግራችሁ ሰው ፓርቲ አልነበረውም። ሬዲዮ የለ፣ ጋዜጣ የለ፣ ስልክ የለ። ምን እንደሚፈልግ ግን ገበሬውም ነጋዴውም ያውቅ ነበር። ሰውየው የቋራው ካሳ ኃይሉ ነው፤ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት።

ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ሰምታችኋል። እኛ የምናየው ሌላውን ነው፦ ምንም ያልነበረው ሽፍታ ሕዝቡን እንዴት አሳመነ? በኋላስ ያንኑ ሕዝብ እንዴት አጣ?

የዚያን ጊዜው ቴሌግራም

ከደባርቅ ተነስታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስትወርዱ ድብ ባሕርን ታገኛላችሁ። ከዚያ ዛሪማ፣ አዲ አርቃይ፣ እያለ መንገዱ ወደ ተከዜ ይቀጥላል። ዛሬ መኪና የሚመላለስበት ይህ አቅጣጫ ድሮ ከምፅዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ነበር። ነጋዴው ጨውና ጨርቅ ብቻ አይጭንም፤ ወሬም ይጭናል። ማን ሸፈተ፣ ማን ተሸነፈ፣ ማን ገበሬውን ዘረፈ፣ ሁሉም በገበያ ላይ ይወራል። አዝማሪው ይዘፍነዋል፣ ቆሎ ተማሪው ከደብር ደብር ይዞት ይዞራል።

እንዲህ ባለ መንገድ የሚሄድ መልእክት አጭር መሆን አለበት። ረጅም ከሆነ ሊማሊሞን ሳይወርድ ይረሳል!

የኮሶ ሻጭ ልጅ

ካሳ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ውስጥ ተወለደ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት አለ ይባላል እንጂ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በተቀመጡት የየጁ ራሶች እጅ ነበር። መሳፍንቱ እርስ በርስ ይዋጋሉ፣ ወታደሩ ደሞዝ ስለሌለው የገበሬውን እህል ይበላል፣ በሬውን ያርዳል።

አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ የሞቱት ገና በልጅነቱ ነው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ሲበረታባቸው ጎንደር ከተማ ኮሶ ይሸጡ ነበር እየተባለ ይነገራል። ካሳ ለትምህርት የገባበት የጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳምም በጦር ተወረረ። ብዙ ተማሪ ሕፃናት ሲያልቁ እሱ አምልጦ ተረፈ። የመሳፍንቱ ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አልተማረውም።

ካደገ በኋላ ቋራ በረሃ ገብቶ ሸፈተ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን ሽፍታ ሞልቷል። ካሳን ከሌላው የለየው የዘረፈውን ገንዘብ ያደረገበት ነገር ነው። ታሪኩን የጻፈው ደብተራ ዘነብ እንደሚተርከው ለገበሬው እያካፈለ የእርሻ መሣሪያ እንዲገዛበት ያደርግ ነበር። በዚያ ዘመን የታጠቀ ሰው ወደ ገበሬ ቤት የሚመጣው ሊወስድ ነው። ይሄኛው ሰጥቶ ሄደ። ይህን ያየ ገበሬ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? መልእክቱ በእጁ ነው ያለው።

ገዢዎቹ መጀመሪያ ናቁት። ቀጥሎ ሊያባብሉት ሞከሩ፤ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ዛሬ ተቃዋሚን ሹመት ሰጥቶ ዝም እንደማሰኘት ማለት ነው። ተዋበችን ወደዳት፣ ዓላማውን ግን አልተወም። ተመልሶ ሸፈተ፤ እቴጌ መነንንም በጦርነት ማርኮ በድርድር ለቀቃቸው።

ስድቡም አልቀረም። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉት የእቴጌዋ ሰው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ፎክረው ሊይዙት ዘመቱ ይባላል። ካሳ አሸንፎ ማረካቸውና ያንኑ ኮሶ አጠጣቸው ይላል ታሪኩ። መኳንንቱ ሊያዋርዱበት ያወጡት ስም ገበሬው ዘንድ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ይህ ሰው ከእኛው ወገን ነው ማለት ነበር።

አንድ ቃል

ከኅዳር 1845 ዓ.ም. ጀምሮ ነገሩ ፈጠነ። ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል በተደረገው ጦርነት ራስ አሊ ድል ሆኑ። የቀሩት የሰሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ውቤ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን አስበው ሰሜን ውስጥ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ ተሸነፉ። በሦስተኛው ቀን ገደማ አቡነ ሰላማ ዘውዱን የጫኑት ለካሳ ሆነ፤ ያውም ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን።

ካሳ ግን ካሳ ተብሎ አልነገሠም። ቴዎድሮስ የሚለውን ስም መረጠ። ለምን? ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ ፍርድም ሰላምም ይመጣል የሚል ትንቢት አለ። ማንበብ የማይችለው ገበሬ እንኳ ይህን ከካህናቱ ሲሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ስሙ ብቻውን ሙሉ ፕሮግራም ነበር፦ የመሳፍንት ጊዜ አለቀ፣ አገር አንድ ይሆናል፣ ገበሬው በሰላም ያርሳል። አንድ ቃል!

ከነገሡ በኋላም ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አወጁ፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ። የታሪካቸው መዝገብ እንደ ቀድሞዎቹ ነገሥታት በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ፤ ደብዳቤዎቻቸውም በአማርኛ ነበሩ። ሰው በሚሰማው ቋንቋ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በቅርብ ዘመንም ታይቷል። ጋና ውስጥ የክዋሜ ንክሩማ የቀድሞ ፓርቲ ነፃነት በተቻለ ፍጥነት ይምጣ ሲል እሳቸው አሁን አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 እስር ቤት ሆነው ምርጫ አሸነፉ። እኛም አገር በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት ሁለት ጣት ብቻ ይዞ ወጣ። የትኛውም መንደር ያለ ሕፃን ሁለት ጣቱን ሲያነሳ ምን ማለቱ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። አዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች ቅንጅት 137ቱን አሸነፈ። የፓርቲውን ማኒፌስቶ ስንቱ አንብቦት ነበር? ሁለቱን ጣት ግን ሁሉም አንብቧል።

ያው ሕዝብ

ታዲያ ግልጽ መልእክት ብቻውን ይበቃል? የአፄ ቴዎድሮስ ሁለተኛ አጋማሽ አይበቃም ይላል።

ወታደሩ ገበሬውን እንዳይዘርፍ ደሞዝ ለመክፈል ሞከሩ። ለዚያ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ሊወስዱ ሲነሱ ከካህናቱ ተጣሉ። አስቡት፣ የቴዎድሮስን ትንቢት ለሕዝቡ ሲያስተምሩ የኖሩት እነዚያው ካህናት ናቸው። መልእክታቸውን የሚያደርስላቸውን ሰው አጡ ማለት ነው። አመፅ በየቦታው ሲነሳ ዘመቻው በዛ፣ ቅጣቱ ከበደ፣ ወታደሩም ወደ ዘረፋው ተመለሰ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍትና ንዋያት ወደ መቅደላ ተጋዙ።

እርሻ እንዲያርስ ገንዘብ የተሰጠው ገበሬ አሁን በሬው በዚያው ሰው ጦር ታረደበት። ስሙ አሁንም ቴዎድሮስ ነው፣ ቃሉም አልተለወጠም። ሥራው ግን ሌላ ነገር ይናገር ጀመር። ገበሬ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሰማው ሥራውን ነው።

በዚያ ዘመን የድምፅ መስጫ ሳጥን አልነበረም፤ ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነበር። ወታደሩ በሌሊት ይከዳል፣ ገበሬው ቀዬውን ጥሎ ይሄዳል። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ጦር መጨረሻ ላይ ወደ ጥቂት ሺዎች ወረደ። የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር መሪነት እስከ መቅደላ ሲዘልቅ በየመንገዱ ያለው ገበሬ በማርያ ቴሬዛ ብር እህል ይሸጥለት ነበር እንጂ አልተዋጋውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መርጠው ራሳቸውን ገደሉ።

ለሞታቸው ሁላችንም እናለቅሳለን፣ እንኮራለንም። ግን ከመቅደላ በፊት የነበረውን ዝምታም ማየት ጥሩ ነው። ደረስጌ ላይ የመረጣቸው ሕዝብ ነው መቅደላ ላይ ብቻቸውን የተዋቸው።

ለዛሬ ተቃዋሚ ፓርቲም ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የኑሮ ውድነት፣ ሰላም፣ ሥራ፣ ሁሉንም አስተካክላለሁ ብሎ ሃምሳ ገጽ ከማደል አንዱን ነገር መርጦ ደብረ ታቦር ያለች እናትም ድብ ባሕር ያለ ወጣትም በሚገባው ቃል መናገር ይሻላል። ከመናገር በፊት ደግሞ በትንሹም ቢሆን ሠርቶ ማሳየት። ካሳ መጀመሪያ ሰጠ፣ ስሙ በኋላ ነው የመጣው።

እኛም የቤት ሥራ አለብን። ነገ አንድ እጩ ሰፈራችሁ ቢመጣ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት፦ ብትመረጥ እኔ ቤት ውስጥ ምን ይቀየራል? በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልመለሰ፣ እሱም ገና አላወቀውም ማለት ነው።