ምላሳቸው የታሰረው ኢማም

ዛሬ የምናወሳው የኢማም አቡ ሐሚድ አል ገዛሊን ሕይወት ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በዕውቀታቸው ነው፤ በጭንቀታቸው ጊዜ ያደረጉት ግን ለቤተሰብ ሁሉ ትምህርት ይሆናል።

ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1058 በኢራን ምድር፣ ጡስ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ከወንድማቸው ከአሕመድ ጋር በአባታቸው ወዳጅ እጅ አደጉ። በኒሻፑር ከታላቁ ዓሊም አል ጁወይኒ ተማሩ። በ1091 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆነው ሲሾሙ ገና የ33 ዓመት ሰው ነበሩ። 300 ያህል ደረሶች ይማሩባቸው ነበር።

በ1095 ግን ውስጣቸው ታወከ። የማስተምረው ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ለዝናና ለክብር እያሉ ራሳቸውን ጠየቁ፤ መልሱ አስደነገጣቸው። ልሂድ ልቅር ሲሉ ስድስት ወር ገደማ ቆዩ። በመጨረሻ ምላሳቸው ታስሮ ማስተማር አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞቹም ሕመሙ የመጣው ከልብ ስለሆነ ልባቸው ካላረፈ መድኃኒት እንደማይሠራ ተናገሩ።

ኢማሙ ሕመሙን ችላ አላሉትም። ወደ አላህ ተማጸኑ። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፈሉና ሹመቱን ትተው ወጡ። በደማስቆ ታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ ብቻቸውን በዚክር ይውሉ ነበር። ቁድስንም ዘየሩ፤ ሐጅም አደረጉ።

40 ክፍሎች ያሉትን ኢሕያእ ዑሉም አድ ዲንን የጻፉት ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ክፍል ስለ ቁጣ፣ ስለ ቂምና ስለ ምቀኝነት ነው። እንደ እሳቸው ትምህርት ቁጣ ተነቅሎ የሚጣል ነገር አይደለም፤ እንደ አዳኝ ውሻ ተገርቶ ለጌታው የሚታዘዝ መሆን አለበት። የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ተቀምጦ ከሆነ ጋደም ይበል፣ ውዱእ ያድርግ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ምክርም አስተምረዋል።

በ1106 ወደ ማስተማር ተመለሱ። ያን የጭንቀት ዘመን ሳያፍሩ በመጽሐፍ ተረኩት። በ1111 በተወለዱባት ጡስ ወደ አኼራ ሄዱ።

እኛም በጾም ስንውል፣ በተለይ ኢፍጣር ሲቃረብ፣ በትንሽ ነገር እንቆጣለን። ያን ጊዜ ከመናገራችን በፊት ቁጭ እንበል፣ ውዱእ እናድርግ። ዝም ያለ ልጅ ወይም ምግብ የጠላ ወላጅ ካለም ጨንቆት እንደሆነ እንጠይቀው እንጂ አንቆጣው። አላህ ልባችንን ያሳርፍልን።