ዮሐንስ አፈወርቅ፤ ቤትን ቤተ ክርስቲያን ያደረገ እረኛ

የሕዝብ ልማድ ከእግዚአብሔር ሕግ በራቀ ጊዜ የሚያዝን ሰው በየዘመኑ አይታጣም። ሐዘን ግን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ አዝኖ ዘመኑን ይረግማል፤ ረግሞም ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው አዝኖ ይጸልያል፤ ጸልዮም የወደቀውን ለማንሣት እጁን ይዘረጋል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ስለ ትምህርቱ ጣዕም አፈወርቅ መባሉን ሁሉ ያውቃል፤ ያ አንደበት ከምን ምንጭ እንደ ተቀዳና ሕዝቡን በየዕለቱ ወዴት ይመራ እንደ ነበር የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ መናገር ለካህናትም ለምእመናንም የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ የተወለደው በ347 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ ምድር በታላቂቱ ከተማ በአንጾኪያ ነው። አባቱ ሴኩንዱስ በጦር ሠራዊት ሹመት የነበረው ሰው ሲሆን፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመት ዕድሜዋ መበለት ሆነች፤ ነገር ግን ሌላ ባል ለማግባት ሳትፈቅድ ልጇን በምግባርና በሃይማኖት ኰትኵታ አሳደገችው። አረማዊ መምህሩ ስለ እርስዋ ጽናት በሰማ ጊዜ የክርስቲያን ሴቶችን ብርታት እስኪያደንቅ ድረስ ተገርሞ ነበር። ዮሐንስም በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ከሊባንዮስ ዘንድ የንግግርን ጥበብ ተማረ። ዓለም በሸንጎና በአደባባይ ታላቅ ክብር ልትሰጠው ተዘጋጅታ ሳለች፣ እርሱ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ፊቱን መለሰ፤ ተጠመቀ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በኤጲስ ቆጶሱ በመላጥዮስ እጅ አናጕንስጢስ ሆኖ ተሾመ።

በዚያን ጊዜ ልቡ ወደ ገዳም ይናፍቅ ነበር። እናቱ ግን በሕይወት ሳለች ዳግመኛ መበለት እንዳያደርጋት እያለቀሰች ለመነችው፤ እርሱም ልመናዋን ሰምቶ በቤቷ ሆኖ በጾምና በጸሎት ኖረ። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የኋላው መምህር ተጋድሎን የጀመረው በእናቱ ጣሪያ ሥር ነውና። ከዚያ በኋላ በከተማይቱ አጠገብ ወዳለው ተራራ ወጥቶ በአንድ ሽማግሌ ሶርያዊ መነኵሴ እግር ሥር አራት ዓመት ኖረ። ደግሞም ሁለት ዓመት ብቻውን በዋሻ ተቀምጦ እንቅልፍን እየቀነሰ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ብርዱና ጾሙ ሆዱንና ኵላሊቱን ስለ ጐዱት ወደ አንጾኪያ ለመመለስ ተገደደ። በ381 ዲያቆን፣ በ386 ደግሞ በኤጲስ ቆጶሱ በፍላብያኖስ እጅ ቅስና ተሾመ። ሰውነቱ ከዋሻው ታሞ ቢወጣም፣ ጸሎቱ ግን ሳይታመም ከእርሱ ጋራ ወደ ከተማ ወረደ።

አንጾኪያ ክርስቲያን የተባለው ስም መጀመሪያ የተሰማባት ከተማ ናት፤ ብዙዎቹ ልጆቿ ግን ስሙን ይዘው ልማዱን ትተው ነበር። በእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን የሞላው ሕዝብ በማግሥቱ ወደ ቴአትርና ወደ ፈረስ ሽቅድድም ይሮጥ ነበር። ነጋዴው ዕቃውን በመሐላ ይሸጥ ነበር። ባለጠጋው ግድግዳውን በወርቅ ሲያስጌጥ ድኻው በደጁ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በዚያች ከተማ 3,000 ያህል መበለቶችንና ደናግልን በየዕለቱ ትመግብ እንደ ነበር ዮሐንስ ራሱ በስብከቱ ገልጿል፤ ሌሎች ችግረኞች ግን ከዚህ ቍጥር ውጭ ነበሩ። ሕዝቡ ስብከቱን ይወድ ነበር፤ አወዳደዱ ግን ተዋናይን እንደሚወድ ሰው ነበር። ጥሩ ቃል በሰማ ቍጥር በቤተ መቅደስ ውስጥ ያጨበጭብ ነበር። ዮሐንስ ጭብጨባን የሚከለክል ስብከት በሰበከ ጊዜ እንኳ ያንኑ ስብከት በጭብጨባ ተቀበሉት። እርሱ ግን የሚሻው ፍሬ ሌላ መሆኑን፣ ይኸውም የሰሙትን ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲገቡና እንዲፈጽሙት መሆኑን ደጋግሞ ያስረዳቸው ነበር።

የትምህርቱ ልዩ ኃይል እዚህ ላይ ነው። የተበላሸውን ማኅበር ለማቅናት የጀመረው ከቤት ነው። ምእመናን የራሳቸውን ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዲያደርጉት አስተማረ። በእሑድ የሚነበበውን የወንጌል ክፍል አስቀድመው በቤታቸው እንዲያነቡት ለመናቸው። ሚስትና ልጆች ያለን የዓለም ሰዎች ነን፣ መጻሕፍትን ማንበብ የመነኮሳት ሥራ ነው የሚሉትን ሲመልስ፣ በጦርነት መካከል የቆመ ሰው ከሌላው ይልቅ መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ በዓለም ፈተና ውስጥ ያለ ሰውም ከመነኵሴው ይልቅ ቅዱስ መጽሐፍ እንደሚያስፈልገው አስረዳቸው። ባልና ሚስት በሌሊት ተነሥተው እንዲጸልዩ፣ ልጆቻቸውንም ለጥቂት ጊዜ ቀስቅሰው የጸሎት ተካፋዮች እንዲያደርጓቸው መከራቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ጊዜ የሌለው የእጅ ሙያተኛ በሥራው ቦታ እንደ ተቀመጠ፣ በገበያ የሚሄድም ሰው በመንገዱ ልቡን ወደ እግዚአብሔር ሊያነሣ እንደሚችል አሳያቸው። በቤታቸው በሚጸልዩበት ስፍራ አጠገብ ለድኾች የሚሆን ትንሽ ሣጥን እንዲያኖሩና ከመጸለያቸው በፊት ገንዘብ እንዲጨምሩባት አዘዛቸው፤ ጸሎት ያለ ምጽዋት ክንፍ እንደሌለው ወፍ ነውና።

በ387 በከተማይቱ ላይ ታላቅ መከራ ወደቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር በጣለ ጊዜ ሕዝቡ ታውኮ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ገልብጦ በየመንገዱ ጐተተ። ቍጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ። ብዙዎች ታሰሩ፤ ሌሎች ወደ ተራራ ሸሹ፤ ቴአትሩም የፈረስ መሮጫውም መታጠቢያ ቤቶቹም ተዘጉ። ሽማግሌው ኤጲስ ቆጶስ ፍላብያኖስ ይቅርታ ሊለምን በክረምት ወደ ቍስጥንጥንያ ተጓዘ፤ መነኮሳትም ከዋሻቸው ወርደው በዳኞቹ ፊት ስለ ሕዝቡ ማለዱ። ዮሐንስ ግን ከሕዝቡ ጋራ ቀረ። በዚያ ዐቢይ ጾም ስለ ሐውልቶቹ ነገር የሰበካቸው ስብከቶች 21 ሆነው ተጽፈው ይገኛሉ። እርሱም ሕዝቡን ከማጽናናቱ ጋራ አንዲት ኃጢአት መርጦ፣ ይኸውም በከንቱ መማልን፣ ከከተማው እንድትወጣ ቀን በቀን ተዋጋት። የማለ ሰው ራሱን በራት ማጣት እንዲቀጣ፣ ቤተ ሰቡም እርስ በርሱ እንዲጠባበቅ መከረ። ሞት በደጅ ቆሞ ሳለ ስለ መሐላ ማስተማር ለአንዳንዱ ትንሽ ነገር መስሎ ይሆናል። ዮሐንስ ግን ትልቁ ዓመፅ ከትንንሹ የዕለት ልማድ እንደሚበቅል ያውቅ ነበር። በትንሣኤ በዓል የንጉሡ ምሕረት ተሰማ፤ ከተማይቱም ዳነች።

በ397 የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንቅጣርዮስ ባረፈ ጊዜ ዮሐንስ ሳያስበው ተወስዶ በ398 በዚያች የነገሥታት ከተማ መንበር ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያጸዳው የራሱን ቤት ነው። የግብዣውን ወጪ አስቀርቶ፣ የከበረውንም ዕቃ ሸጦ ለሕሙማን ቤትና ለድኾች አዋለው። ራሱ ብቻውን ጥቂት እየተመገበ ይኖር ነበር። በቀን በሥራ የተያዙት ወንዶች በሌሊት መጥተው እንዲጸልዩ ሥርዓተ ማኅሌት አቆመ፤ እንቅልፍ የለመዱ ካህናትም ስለዚህ አጕረመረሙበት። በ399 ሕዝቡ በዝናም ብዛት እህሉ እንዳይጠፋ ፈርቶ በምህላ ሲያለቅስ ሰንብቶ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ በስቅለት ዓርብ ወደ ፈረስ ሽቅድድም፣ በማግሥቱም ወደ ቴአትር በሮጠ ጊዜ፣ ዮሐንስ እንደ ቈሰለ አባት ጮኸ፤ በዚህ የሚጸኑትንም ከቅዱስ ቍርባን እንደሚለያቸው አስጠነቀቀ።

ኃጢአትን አጥብቆ ይጥላ እንጂ ኃጢአተኛውን አልጠላም። ለዚህም አንድ ምስክር እንጥቀስ። በቤተ መንግሥቱ ኃይለኛ የነበረው አውትሮጵዮስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሸሹትን የመማጠኛ መብት የቀነሰ ሰው ነበር። በ399 ከሥልጣኑ ሲወድቅ ግን እርሱ ራሱ ሸሽቶ የመሠዊያውን ዓምድ ያዘ። ሕዝቡና ወታደሩ ደሙን ሲፈልጉ ዮሐንስ በመካከል ቆመ፤ የዓለምን ክብር ከንቱነት በእርሱ ላይ እያሳየ፣ የሰሚውን ልብ ግን ከበቀል ወደ ርኅራኄ መለሰው።

ይሁን እንጂ ተግሣጹ ስለት ነበረውና ጠላት አበዛበት። በ401 ወደ ኤፌሶን ሄዶ ሹመታቸውን በገንዘብ የገዙ ስድስት ኤጲስ ቆጶሳትን ሻረ። የባለጠጎቹን ሴቶች ጌጥና ትዕቢት በገሠጸ ጊዜም ንግሥቲቱ አውዶክስያ ነገሩን በራሷ ላይ እንደ ተነገረ ቈጠረችው። በ403 በኬልቄዶን አጠገብ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ መሪነት የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ከመንበሩ እንዲወርድ ፈረዱበት፤ ተሰደደም። ሕዝቡ ስለ ታወከና ቤተ መንግሥቱም ስለ ደነገጠ ወዲያው ተመለሰ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲተከል የተደረገውን ዘፈንና ጨዋታ በመቃወሙ ጠቡ ታደሰ። በ404 የትንሣኤ ሌሊት ወታደሮች የሚጠመቁትን ሕዝብ በትነው ደም አፈሰሱ፤ በሰኔ ወርም ዮሐንስ ዳግመኛ ላይመለስ ከከተማው ወጣ።

የተሰደደበት ስፍራ በአርማንያ ተራሮች ያለች ኩኩሶስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰውነቱ በብርድ ቢደክምም እረኝነቱ አልደከመም፤ ከዚያ የጻፋቸው ከ200 የሚበልጡ መልእክቶች እስከ ዛሬ አሉ። ለዲያቆናዊቱ ለኦሎምፒያስ ደጋግሞ እየጻፈ ሐዘን ነፍሷን እንዳይውጣት ያጽናናት ነበር። በፊንቄ አገር ወንጌልን ለሚያስተምሩትም ሰዎችና ገንዘብ እንዲላኩላቸው ከስደት ሆኖ ይደክም ነበር። ጠላቶቹም ይህን አይተው በ407 በጥቍር ባሕር ዳርቻ ወዳለችው ወደ ፒትዮስ እንዲወሰድ አዘዙ። ወታደሮቹ በዝናምና በፀሐይ በእግሩ እየነዱት ሲሄዱ በኮማና አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ መቅደስ አደረ። በማግሥቱ ጥቂት መንገድ ተጕዞ ስለ ታመመ ወደዚያው መለሱት። ነጭ ልብስ ለብሶ፣ የነበረውን ለቆሙት አካፍሎ፣ ቅዱስ ቍርባንን ተቀብሎ፣ ስለ ደረሰበት ነገር ሁሉ እግዚአብሔርን አመስግኖ መስከረም 14 ቀን ዐረፈ። በ438 ዓ.ም. የአውዶክስያ ልጅ ንጉሡ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን በክብር ወደ ቍስጥንጥንያ አስመልሶ፣ ወላጆቹ ስለ በደሉት ይቅርታ ለመነ።

በቤተ ክርስቲያናችን ይህ አባት እንግዳ አይደለም። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ በዓሉም ግንቦት 12 ቀን ይከበራል። ስለ ዕብራውያን መልእክት የደረሰው ድርሳንም በ16ኛው መቶ ዓመት በዕጨጌ ዕንባቆም እጅ ወደ ግእዝ ተመልሶ ሊቃውንቶቻችን ሲያነቡት ኖረዋል።

እንግዲህ ካህናት ሆይ፣ ሕዝቡ ከመንገድ ወጣ ብለን በምናዝንበት ጊዜ አስቀድመን የራሳችንን ማዕድና የራሳችንን ሌሊት እንመርምር። ዮሐንስ የሌላውን ቤት ከመገሠጹ በፊት የራሱን ቤት አጽድቷልና። ምእመናንም ሆይ፣ የዘመኑን ክፋት እየቈጠራችሁ የምታሳልፉትን ሰዓት ከፍላችሁ ለልጆቻችሁ አንድ የወንጌል ክፍል አንብቡላቸው፤ ከመተኛታችሁ በፊት አብራችሁ ስገዱ፤ በጸሎታችሁ ስፍራም የድኻውን ድርሻ አኑሩ። ከተማ የቤቶች ስብስብ እንደ መሆኑ፣ አንድ ቤት በጸሎት በተነሣ ቍጥር የከተማው አንድ ማዕዘን ይነሣል። ዮሐንስ አንጾኪያንም ቍስጥንጥንያንም ፈጽሞ ተመልሰው አላያቸውም፤ የዘራው ግን በየቤቱ በቅሎ እነሆ ከ1,600 ዓመት በኋላ እኛ ዘንድ ደርሷል። የአባታችን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎትና በረከት በሁላችን ላይ ይደር፤ አሜን።