ክሪስቶፈር ስትሬቺ እና የትእዛዞች ፍቺ

በ1951 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሃሮው ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩ አንድ መምህር፣ አንድ ሺህ ያህል ትእዛዞች ያሉት ፕሮግራም ይዘው ወደ ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ፕሮግራሙ ማሽኑ የራሱን አሠራር እያስመሰለ ሌላ ፕሮግራምን እርምጃ በእርምጃ እንዲከታተል የሚያደርግ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረቡላቸው አላን ቱሪንግ ናቸው። ለጀማሪ የሚሰጥ ሥራ አልነበረም። ሆኖም ጥቂት ስሕተቶች ከታረሙ በኋላ ሠራ፤ ሲያበቃም የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። መምህሩ ክሪስቶፈር ስትሬቺ ነበሩ።

በ1916 በለንደን ተወልደው በኬምብሪጅ የተማሩት ስትሬቺ የዶክትሬት ዲግሪ አልነበራቸውም። የፌራንቲ ኩባንያ ፔጋሰስ የተባለው ኮምፒዩተር ሲነደፍ እጃቸው ነበረበት። ስለዚህ ወደ ሒሳባዊው ጥናት ሲያዘነብሉ፣ ማሽንን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ሰው እንዳልነበሩ መዘንጋት አይገባም።

ያሳሰባቸው ጥያቄ የፕሮግራም ፍቺ ምንድን ነው የሚለው ነው። ፍቺው ማሽኑ የሚያደርገው ነው ከተባለ፣ ማሽኑ በተለወጠ ቁጥር ፍቺውም ይለወጣል፤ ፕሮግራሙ ልክ ነው ወይም አይደለም ለማለትም መሠረት ይጠፋል። በ1964 በቪየና አቅራቢያ በተደረገ ጉባኤ መልስ አቀረቡ፦ ማኅደረ ትውስታ ለእያንዳንዱ አድራሻ ይዘቱን የሚሰጥ ፋንክሽን ነው፤ ትእዛዝም አንዱን ማኅደር ወደ ሌላ የሚለውጥ ነው። በ«ሀ» ላይ አንድ ጨምረህ መልሰህ በ«ሀ» አኑር ሲባል፣ ተቀባዩ «ሀ» አድራሻ፣ ተደማሪው «ሀ» ግን ይዘት መሆኑ በዚህ ግልጽ ሆነ።

እጅግ ያስቸገረው ዝላይ ነው። ትእዛዙ ወደ ሌላ ስፍራ ከዘለለ ቀጥሎ የተጻፈው አይፈጸምም፤ ፍቺዎችን በተራ ማያያዝም ከንቱ ይሆናል። ስትሬቺና ክሪስቶፈር ዋድስወርዝ በ1974 ባወጡት ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ከእርሱ በኋላ የሚቀረውን ሥራ አብረው ሰጡት። ዘላዩ ትእዛዝ የተሰጠውን ቀሪ ሥራ ትቶ የመድረሻውን ይይዛል፤ ያለዚያ ምንም ልዩ ነገር የለውም።

በከፍተኛ ቋንቋ በተጻፈ ፕሮግራም መካከል የማሽን ትእዛዝ ሲገባ የሚነሣው ችግር ከዚህ ጋር አንድ ነው። የገባው ትእዛዝ ከፍተኛው ቋንቋ የማያውቀውን አድራሻ ሊነካ፣ ወይም ወዳልታሰበ ስፍራ ሊዘል ይችላል። ሁለቱ በአንድ ማኅደርና በአንድ ቀሪ ሥራ ካልተገለጹ ባንድነት መመርመር አይቻልም።

ስትሬቺ በ1965 በኦክስፎርድ የፕሮግራም ምርምር ቡድንን አቋቋሙ፤ በ1969 ዳና ስኮት ለሐሳባቸው የጎደለውን ሒሳባዊ መሠረት አኖሩለት። የሚያስገርመው፣ ስትሬቺ ከነደፉት አንዱ የሆነው ሲፒኤል የተባለው ቋንቋ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ ከእርሱ የወጣው ቢሲፒኤል ግን ሁሉን ነገር እንደ ማሽን ቃል የሚቆጥር ሆኖ የሲ ቋንቋ አያት ለመሆን በቃ።

ከሮበርት ሚልን ጋር ጀምረውት የነበረውን ትልቅ መጽሐፍ ታትሞ ሳያዩ፣ በግንቦት ወር 1975 በ58 ዓመታቸው አረፉ። ሚልን ሥራውን ፈጽመው በ1976 አሳተሙት።