ኤድዋርድ አንግል
ኤድዋርድ ሃርትሊ አንግል (እ.ኤ.አ. 1855–1930) አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሲሆን የዘመናዊ የጥርስ አሰላለፍ ማስተካከያ ሕክምና (ኦርቶዶንቲክስ) አባት ይባላል። በፔንሲልቬኒያ ተወልዶ በ1878 በጥርስ ሕክምና ተመረቀ። በ1899 የላይኛውና የታችኛው ጥርሶች አገጣጠም መዛባትን በሦስት ክፍሎች መደበ። መለኪያው በ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ ከወተት ጥርሶች ኋላ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ነበር። በ1900 በሴንት ሉዊስ ይህንኑ ሙያ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ። ለማስተካከል ሲባል ጤነኛ ጥርስ መንቀልን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ተማሪው ቻርልስ ትዊድ፣ ሳይነቀል የተስተካከሉት ጥርሶች በብዙ ታካሚዎች ላይ ተመልሰው መዛባታቸውን አይቶ ከመምህሩ አቋም ወጣ። የአንግል አመዳደብ ዛሬም ሐኪሞች የልጆችን ጥርስ ሲመረምሩ ያገለግላል።