የቶማስ ሚድግሊ ምርጫና የእኔ ፊልትሮ

በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚሸጠው ቤንዚን ውስጥ አምስት በመቶ ኢታኖል መቀላቀል በተጀመረ ሰሞን፣ ያረጀች መኪናዬ ፉሪ መግቢያ ላይ ቀጥ አለች። መካኒኩ የተዘጋውን ፊልትሮ አውጥቶ አሳየኝና ጥፋቱን ሁሉ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በሚመጣው አልኮል ላይ አላከከ። እኔም አብሬው አማረርኩ። በኋላ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ሳነብ ግን ምሬቴ አቅጣጫውን ለወጠ።

ሰውየው ቶማስ ሚድግሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ተወልዶ፣ በ1911 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምህንድስና ተመረቀ። ከዚያም ዴይተን ከተማ በቻርልስ ኬተሪንግ ሥር ተቀጥሮ፣ ለሞተር ማንኳኳት መላ ይፈልግ ገባ። ቤንዚኑ በካንዴላው እሳት ተራውን ጠብቆ መንደዱ ቀርቶ በራሱ ሲፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጉልበቱም ይባክናል።

ኢታኖል ይህን ችግር እንደሚያስወግድ ሚድግሊ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በ1921 አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞልቶ መኪና ነድቷል። ነገር ግን ገበሬው ከእህሉ ሊያወጣው የሚችለውን አልኮል የትኛውም ኩባንያ በፓተንት አጥሮ የግሉ ሊያደርገው አይችልም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለውን የእርሳስ ውህድ ሞከረ፤ በጥቂቱ ጠብ ሲደረግ ማንኳኳቱ ጸጥ አለ። ውህዱ በ1923 ኢቲል ተብሎ ገበያ ሲወጣ፣ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ አልነበረም። እንደ ሕግ ሰው እዚህ ላይ ቆም አልኩ።

የእርሳስ መርዛማነት ያኔም የታወቀ ነበር። ሚድግሊ ራሱ በ1923 በእርሳስ ታምሞ ሥራውን ለጊዜው አቋርጧል። በ1924 በኒው ጀርሲ አንድ ማጣሪያ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ተቃውሶ ሞቱ። እሱ ግን ጋዜጠኞች ባሉበት ፈሳሹን እጁ ላይ አፍስሶ፣ ሽታውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ማገ። ቆይቶም ፍሪዮንን ለማቀዝቀዣ አበረከተ፤ ይህም የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ። በ1940 ፖሊዮ ሽባ አደረገው። ከአልጋ የሚያነሳው የገመድ መሣሪያ ሠራ፤ በ1944 በዚያው ገመድ ታንቆ በ55 ዓመቱ ሞተ።

እርሳሱ ግን አብሮት አልተቀበረም። የሕፃናትን አእምሮ ሲጎዳ ኖሮ፣ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ቤንዚን ውስጥ እስከ 2006 መግቢያ ዘለቀ። በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021።

ኢታኖልም እንከን አያጣም። ያረጀ ታንከር ውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ አጥቦ ፊልትሮ ይዘጋል፤ ውኃ ይስባል፤ የድሮ የላስቲክ ቱቦዎችን ያበላሻል። በ2003 ዓ.ም. እንደተጀመረው ዓይነት አሥር በመቶ ቅልቅል ደግሞ በሊትር የሚኬደውን መንገድ ሦስት በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ግን ጋራዥ ውስጥ በዓይን የሚታይ፣ በጥቂት ብር የሚጠገን ጉዳት ነው። የሕፃን አእምሮ ጋራዥ የለውም።

ዛሬ ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። ፊልትሮህን ቀይር ብሎ አስቀድሞ የነገረኝ አልነበረም። የሚሸጠው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ ለገዢው መንገር በሚድግሊ ዘመንም ግዴታ ሊሆን ይገባ ነበር፤ በእኛም ዘመን ይገባል።